ቀመሪያ ዋሻው ደጅ የተሳለችው ስለት

ሻርጃ ውስጥ ቀመሪያን የማያውቅ የወሎ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ከቤት የማይወጣ። እኔ ከበቡሽ እባላለሁ፤ ዱባይ፣ አል ጋርሁድ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ያደግነው ግን አንድ አጥር ተጋርተን ነው። ስለዚህ ስለ እሷ ሳወራ ብኩራራ አይፈረድብኝም።

የምትሠራው እዚያው ሻርጃ፣ አል መጃዝ ሰፈር፣ ማራል የምትባል የቱርክሜኒስታን ሴት ቤት ነው። ማራልና ባሏ ምንጣፍ ይነግዳሉ፤ ቤታቸው ሙሉ ነው፣ ልጅ ብቻ አልነበራቸውም። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ጥቅምት፣ ማራል ልጅ ልትለምን ወደ አገሯ ስትሄድ ቀመሪያንም ይዛት ሄደች።

ተመልሳ ስታወራልኝ እጇ አያርፍም። «አንድ ራቁቱን የቆመ ተራራ አለ፤ ወገቡ ላይ ዋሻ። ድሮ አንዲት ደግ ሴት ጠላት ሲያባርራት ተራራው ተከፍቶ ሸሸጋት ይላሉ። የእጇ አሻራ ድንጋዩ ላይ አለ፤ ሴቶቹ መዳፋቸውን እዚያ ያሳርፋሉ። ልጅ የፈለገች በጨርቅ ትንሽዬ የሕፃን አልጋ ሠርታ ደጁ ላይ ታንጠለጥላለች። ከታች ደግሞ በግ አርደው የመጣውን ሁሉ ያበላሉ። ዋላሂ ከበቡሽ፣ የኛው አገር የወልዮች ዚያራ መሰለኝ! የጠፋኝ ቋንቋው ብቻ ነው።»

እዚያ የነበሩት አሮጊቶች የሩቅ እንግዳ ዱአ ይሰምራል ብለው ወደ ፊት ገፏት። የቀመሪያ እናት እማማ ሐጂራ ዱበርቲ ናቸው፤ ምጥ የያዛት ሴት ቤት ተሰብስበው ዱአ ከሚያደርጉት እናቶች አንዷ። ታዲያ የእሳቸው ልጅ ምን ይጠፋታል? መዳፏን ዘርግታ በአማርኛ ለቀቀችው! ሴቶቹ አንድ ቃል ሳይገባቸው «አሚን» እያሉ አለቀሱ። ይህን ስሰማ እኔ ራሴ ደረቴን ነፋሁ።

ግን አፏ እዚያ ላይ አላረፈም። በኛ አገር ለሌላ ሰው የሚሳል፣ ከራሱ የሚወደውን ነገር ያስይዛል። እሷም «ለዚህች ሴት ልጅ ስጣት፤ ልጁ በእግሩ ቆሞ ሳላይ አገሬ አልገባም» ብላ ተሳለች። ምን እንዳለችም ለማራል ነገረቻት።

ማራል ፀነሰች። ወዲያው ኮሮና መጣ። ባሏ ለንግድ አገሩ እንደሄደ ድንበር ተዘጋና እዚያው ቀረ። መውለጃዋ ሲደርስ ሆስፒታሉ ከአንድ ሰው በላይ አላስገባም አለ። የገባችው ቀመሪያ ናት፤ ልጁንም ከእናቱ ቀጥላ የታቀፈችው እሷ ናት። ወንድ ነው፣ እንዴት ያለ ሸጋ መሰላችሁ!

ልጁ ዓመት ሲሞላው እማማ ሐጂራ አልጋ ያዙ። በረራ ተከፍቷል፤ ሰው እየተመረመረ ይሄዳል። ቀመሪያ ንቅንቅ አልል አለች።

«አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም? እናትሽ ናቸው'ኮ!» ብዬ ጮህኩባት።

«እሷው ራሷ ቃልሽን በልተሽ እንዳትመጪብኝ ብላኛለች።»

«ልጁስ መቼ ነው የሚቆመው?»

«አላህ ሲፈቅድ።»

አላህስ ፈቅዷል፤ ያልፈቀደችው ማራል ናት። ዓርብ ዓርብ ስሄድ አያለሁ፤ ልጁ መሬት አይነካም። ከእቅፍ ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ እቅፍ። የቆመ ቀን ቀመሪያ ትሄዳለች፤ ማራል ያለ ባል ያለ ዘመድ ልትቀር ነው። ብታሳዝነኝም አንጀቴ አረረ።

አንድ ዓርብ ትዕግሥቴ አለቀ። ማስኬን እንኳ ሳላወልቅ «ማዳም፣ ኸላስ! ልጁን አውርጂው!» አልኳት በዓረብኛ። ቀመሪያ ክንዴን ያዘችና «ተይ፣ አያገባሽም» አለችኝ። ልመልስላት ስል ስልኳ ጠራ። እማማ ሐጂራ ናቸው። ድምፃቸው አልሰማ ስላላት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሴትዮዋ እያቃሰቱ «ልጁ ጠና? አላህ ያሳድገው፣ ለእናቱ ያቁምላት» ይላሉ።

«ምን አለች?» አለች ማራል።

«ስለ ልጅሽ ነው የምትጠይቀኝ። ዱአ እያደረገችለት ነው።»

ማራል ልጁን ምንጣፉ ላይ አወረደችና ለቀቀችው። ቆመ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ቀመሪያ ሄደ። ጀማሪ እንደዚያ አይሄድም።

«ከቆመ ቆይቷል» አለች ማራል ፊቷን ሸፍና። «አንቺ ገበያ ስትወጪ ነው የማወርደው። ደበቅኩሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ቀመሪያ፣ ልጁን ብድግ አድርጋ እየሳመችው። «የማጥበው እኔ አይደለሁ? ውስጥ እግሩ ቆሽሾ አገኘዋለሁ።»

እኔ ልፈነዳ ደረስኩ። «ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ወደ እኔ አልዞረችም፤ የመለሰችው ለማራል ነው። «ልጁን የለመንኩት ላንቺ ነው። ካንቺ እጅ ነጥቄ አላቆመውም። እስክታወርጂው ጠበቅኩ።»

ማራል እንባዋን ጠርጋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እናቴ፣ ልጅሽ ልጄን አቆመችልኝ። አሁን የኔ ተራ ነው፤ ልጅሽን ልልክልሽ ነው» አለች በዓረብኛ።

ቀመሪያ ለእናቷ ልትተረጉም አፏን ከፈተችና ፊቷን ልጁ አንገት ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። ታዲያ እኔ ምን ልሁን? ስልኩን አንስቼ፣ «እማማ ሐጂራ! ከበቡሽ ነኝ፣ የጎረቤትዎ ልጅ! ቀመሪያ ቃሏን ጠብቃ ልትመጣልዎት ነው!» ብዬ ፎቁ እስኪሰማ ጮህኩ።