«የለም» ብዬ የጻፍኩት

ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናግሬአለሁ፤ ይቺን ግን ሁልጊዜ ዘልያት ነው የማልፈው። ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም። አንድ ቅጽ ላይ አንድ ቃል ጻፍኩ፤ ቃሉም ውሸት ነበር። ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ይመስላችኋል አይደል? እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር።

ግምገማ በበዛበት በዚያ ዘመን ከጎጃም ተመድቤ ካፋ፣ ቦንጋ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የንግድ ባለሙያ ነበርኩ። እትዬ አስካለ እዚያው አቅራቢያ ያለችው የዋጫ ከተማ ነጋዴ ናቸው፤ ከገበሬ ኮረሪማ እየሰበሰቡ መተማ ድንበር ላይ ለአንድ ሱዳናዊ ደንበኛ ይሸጣሉ። ያስቸገራቸው ሕጉ ነበር። ኮረሪማው የዚህ አገር ምርት መሆኑን የሚመሰክረው ሰርተፊኬት የሚሰጠው አዲስ አበባ ብቻ ነው፤ እሱን ሲያመላልሱ ሱዳናዊው ከሌላ ገዝቶ ይሄድባቸዋል።

አንድ ቀን ከበላይ ቅጽ መጣ፤ ከጎረቤት አገሮች ጋር ለመነገድ እንቅፋት የሆነ ሕግ ካለ ጥቀሱ ይላል። እትዬ አስካለ ይህን ሰምተው ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጠው ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ሰርተፊኬቱን እዚሁ ቦንጋ ይስጡን ብለህ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉኝ።

«እጽፋለሁ እትዬ፤ እርስዎ ብቻ ትንሽ ይጠብቁ» አልኳቸው።

አልጻፍኩም። ቅጹ ከ«ችግር» ቀጥሎ «የተወሰደ መፍትሔ» የሚል ክፍል ነበረው። ችግር አለ ካልኩ፣ አንተስ ምን አደረግህ ልባል ነው፤ ግምገማው ደግሞ ደርሷል። ማን አዘዘኝ? ማንም። እኔው በገዛ እጄ «የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ እኔው ማኅተም አስመትቼ ላክሁት።

እሳቸው ጠበቁ። የአዲስ አበባ ነጋዴ ኮረሪማውን ሊገዛ ዋጫ ድረስ ቢመጣ፣ መልሱ እየደረሰ ነው ብለው መለሱት። ለድካሜም ማር ላኩልኝ። በላሁት። ማን ይሙት፣ ጣፈጠኝ! ክረምቱ ገባ፤ የዓመት ንግዳቸው በሙሉ መጋዘን ውስጥ ሻገተ።

በኋላ ነጋዴዎች ለስብሰባ ተጠሩ። ከላይ የመጣው ኃላፊ ከካፋ የቀረበ ችግር እንደሌለ አነበበ። እትዬ አስካለ ከኋላ ተነሡ።

«ውሸት ነው! ይሄ ልጅ ጽፏል። እናንተ ናችሁ የጣላችሁት። እሱን ጠይቁት እስቲ!»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን አልኩ? «ጽፌ ነበር፤ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል» አልኩ። ሁለተኛ ዋሸሁ፤ ያውም ዓይናቸው እያየኝ።

ስንወጣ እጄን ያዙኝ።

«አይዞህ ልጄ፤ አንተ የምትችለውን አድርገሃል» አሉኝ። በዚያው ዓመት ንግዱን ተዉት።

ግምገማውን ፈርቼ ነው ብዬ ላመካኝ? አላመካኝም። ይቅርታ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም በሕይወት አሉ። ከቦንጋ ዋጫ ሩቅ አይደለም፣ መኪናም አይጠፋም። ግን እስካሁን ስሜ በተነሣ ቁጥር «እሱ ደግ ሰው ነው» ይላሉ አሉ። እኔም ያቺን ደግ ስም ላለማጣት ብዬ ይኸው ቁጭ ብያለሁ።