ኬረላ በቃሌ

ቁንዶ በርበሬ በወቀጥኩ ቁጥር፣ ሽታው ገና ሳያስነጥሰኝ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከንፈሬ ላይ ይመጣል፦ «ኬረላ በተራራና በባሕር መካከል ያለች ጠባብ የሕንድ ግዛት ናት።» ልጆቼ «ማሚ ደሞ ጀመረች» እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ፤ እነሱ ያን ቀን አልነበሩም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ሲያትል ከገባን ገና ስድስት ወራችን ነበር፤ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ስለ አንድ የውጭ አገር ግዛት ጽፋችሁ አምጡ አለችን። እኔ ቤተ መጻሕፍት መሄድ አላስፈለገኝም። ደሴ ስማር ሕንዳዊው አስተማሪያችን ስለ አገሩ ስለ ኬረላ ያስጻፈንን ኖት ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ሸምድጄው ነበር። እኛ ዘንድ ጎበዝ የሚባለው የሸመደደ ነው። ቁጭ ብዬ እንዳለ ገለበጥኩት።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ተጠራ። ከፓርኪንግ ሥራው በቀጥታ፣ ካፖርቱ ዝናብ እያንጠባጠበ መጣ። ክፍሉ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። አስተማሪዋ ወረቀቴን ዘረጋችው።

«ስድስት ወር የቆየ ልጅ እንዲህ አይጽፍም። ከየትኛው መጽሐፍ ኮረጅሽው? ካልነገርሽኝ ክፍሉን ትደግሚያለሽ።»

አስተርጓሚዋ እኔው ስለነበርኩ የራሴን ክስ በአማርኛ ለአባቴ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ።

«ሥራ ላይ ኮል ያደረጉልኝ ለዚህ ነው?» አለኝ። ወደ እሷ ዞሮ ደግሞ፣ «ቲቸር፣ ከዓይኗ በቀር እንደፈለጉ ይቅጧት» አለ። ይህን አልተረጎምኩትም።

ክፍል ከመድገሙ ይልቅ የአባቴ አስተያየት አስፈራኝ። ሌባ ነው እንዴ ያሳደግኩት የሚል ነበር። ተነሣሁ፤ «ከመጽሐፍ አይደለም፤ አገር ቤት አስተማሪዬ ያስጻፈን ነው፣ በቃሌ እችለዋለሁ» አልኩና እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ወረቀቱን ሳላይ ጀመርኩ። ተራራው ደመናውን እንደሚያግድ፣ ለቁንዶ በርበሬዋ ሲሉ መርከቦች ከዓረብ አገርና ከአውሮፓ እንደመጡ፣ ኮኮናቱን፣ ጎማውን፣ ሻዩን፣ ዓሣውን። አስተማሪዋ በጣቷ መስመር በመስመር ትከተለኛለች። አባቴ ትንፋሹን ውጦ ጣቷን ያያል።

«ፋብሪካዋ ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ የተማሩ ልጆቿ ለሥራ ሩቅ አገር ይሄዳሉ፤ ለቤተሰቦቻቸውም ገንዘብ ይልካሉ።»

እዚህ ላይ ድምፄ ተቆረጠ። ሕንዳዊው ይህን ያስጻፈን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። «ፈተና ላይ ይመጣል?» ስንለው «አይመጣም» አለን፣ ሳይዞር። ስለ ራሱ ይነግረን እንደነበር ገና ያን ጊዜ ገባኝ።

«ይበቃል፤ አምኜሻለሁ» አለች አስተማሪዋ። አባቴ ሳልተረጉምለት ገባው፤ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገው። እሷ እስክሪብቶ አቀበለችኝ። «ቃሉ የእሱ ስለሆነ፣ ከታች የአስተማሪሽን ስም ጻፊ።»

እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። ስሙ ረጅም ነው ብለን ገና በመጣ ቀን ትተነዋል። ፊት ለፊት «ቲቸር» ነበር የምንለው። ጭንቅላቱን ሲወዘውዝ አዎ ይበል አይ ይበል ስለማይለይ፣ ከኋላው ደግሞ «እሺ-እምቢ»።

«አላውቀውም» አልኳት፣ በጣም አፍሬ። ሁለት ዓመት አስተምሮኝ ስሙን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም።