ፍም የምትመስል መብራት

ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ልጅ ማቀፍ፣ ጀሪካን ማንሳት፣ ጎንበስ ብሎ ማጠብ ለጊዜው የለም ብሎ ሲዘረዝርልኝ፣ እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አንገቴ ላይ ያደገው እንቅርት መውጣቱ አልቀረም፤ ልጄን ግን የት ላድርጋት? ባለቤቴ ሹፌር ነው። ዛሬ መተማ ነው ሲሉኝ ነገ ባሕር ዳር ነው፤ ቤቱ የሚያድርበት ቀን አይታወቅም። የቀረችኝ እናቴ ናት። እናቴ ደግሞ የምትኖረው ከዳባት ወጣ ብሎ ደጋው ላይ፣ እኔ በተወለድኩበት ሣር ቤት ውስጥ፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ነው።

ቤቱ ክብ ነው። ዙሪያውን መደብ አለ፣ መሀሉ ላይ ምድጃ። ማታ እሳቱ አይጠፋም፤ ይዳፈናል። ፍሙ አመድ ለብሶ ያድርና ጠዋት ገለጥ አድርጎ እፍ ማለት ነው። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከእንቅልፏ ስትባንን ደግሞ እንደሌላው ልጅ ተኝታ አታለቅስም። ተነስታ ትሄዳለች። አዘዞ ቤታችን መብራት በጠፋ ቁጥር እኔን ፍለጋ በጨለማ ስትዳብስ ከበርጩማው ጋር ትጋጫለች። እናቴ ቤት የሚጠብቃት ግን በርጩማ አይደለም። የግራ እጄ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው የቀሩት በዚያው ምድጃ ነው። በልጄ ዕድሜ ነበርኩ ይሉኛል። እኔ አላስታውሰውም። እናቴ ታስታውሳለች፤ ግን አንድም ቀን አንስታው አታውቅም።

እናም ልጄን ይዤ መብራት ልገዛ ፒያሳ ወጣሁ። ኩራዝ አይሆንም፣ ትገለብጠዋለች። ጧፍማ አይታሰብም። የእጅ ባትሪ ዓይን ይወጋል። የምፈልገው ለሕፃን የሚሆን፣ ከቦታ ቦታ የሚያዝ፣ ቻርጅ የሚደረግ፣ ሌሊቱን ሳይጠፋ የሚያድር ነው። የስልክ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ጎልማሳ ያለውን ሁሉ ደረደረልኝ።

መጀመሪያ ጥንቸል መሳይ አወጣ። ልጄ ደስ አላት። ከጀርባዋ ግን ክዳን አለ፤ በጥፍሬ ገፋ ባደርገው ተከፈተና ቁልፍ የምታህል ክብ ባትሪ እጄ ላይ ወደቀች። ይህችን ትንሽ ነገር ልጄ ስትውጣት ታየኝና ጥንቸሏን መለስኩለት። ቀጥሎ ጣሪያ ላይ ኮከብ የሚረጭ አሳየኝ፤ ልጄ ፊቷን ቀሚሴ ውስጥ ደበቀች። ገመዱ ረጅም የሆነውን አንገቷ ላይ ይጠመጠማል ብዬ ተውኩት። እናቴ ጋ ያለችው ትንሽዬ ሶላር የገመዷ ጫፍ የድሮ ስልክ ቻርጀር ዓይነት ስለሆነ፣ ያንኑ ዓይነት ገመድ ከቤት ይዤ ነበርና በየመብራቱ ቂጥ እየሰካሁ ስሞክር ሰውየው ትዕግሥቱ አለቀ።

«እህቴ፣ አንቺ የምትፈልጊው መብራት አይደለም፣ ሞግዚት ነው» አለኝ።

በመጨረሻ እንቁላል የምትመስል፣ ለስላሳ ጎማ የለበሰች፣ ክዳን የሌላት አንዲት መብራት ከታችኛው መደርደሪያ አወጣ። ገመዴም ገባላት። ስትነካ ቀለም ትለውጣለች። ነጩን ልጄ ጠላችው፤ አረንጓዴውን አላየችውም። ብርቱካንማው ሲበራ ግን ሁለት እጇን ዘረጋች። ሰውየው ይቺኛዋ እሳት ዳር ተቀምጦ እንደ ማንቀላፋት ናት፣ ለእንቅልፍ ትሻላለች አለ። እውነቱን ነበር፤ እኔም ሙቀቷ የተሰማኝ መሰለኝ። እስክመለስ አብርተህ አቆያት ብዬው ሽሮና በርበሬ ገዝቼ መጣሁ፣ ጉንጬ ላይ አስደግፌ አየኋት። አልጋለችም። ገዛኋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስተማር ያዝኩ። ስትነቂ መብራትሽን ፈልጊ፣ ወደ እሷ ሂጂ፣ እቀፊያት፣ እኔ እመጣለሁ እላታለሁ። ልጄ ቶሎ ለመደች። መብራት በጠፋ ምሽት እንኳ ከእንግዲህ አትዳብስም፤ ቀጥ ብላ ወደ ብርቱካንማዋ ሄዳ ደረቷ ላይ ትለጥፋትና ቁጭ ትላለች። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። እኔ እንደሆንኩ ወሬ አላሳድርም።

ወደ ደጋው ስንወጣ ክረምቱ ገብቶ ነበር። እናቴ ልጄን ከጀርባዬ አውርዳ ሳመቻትና መብራቷን ገልብጣ ገልብጣ አየቻት።

«የትኛዋ ዶሮ ናት ይችን የጣለች?» አለች።

ሳቅን። ራት በላን፤ ልጄ ደክሟት ስለነበር ገና ሳይመሽ መደቡ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እናቴ እሳቱን ዳፈነች። መብራቷን ከቦርሳዬ አውጥቼ አጠገቧ ላደርግ አስቤ እያለ ዝናብ ጀመረና የተሰጣውን እንጨት ለማስገባት ሁለታችንም ወጣን። ብዙ አልቆየንም። እንጨቱን ታቅፌ በሩ ላይ ስደርስ ቤቱ ጨልሟል፤ ከእኛ ጋር የገባው ንፋስ አመዱን ገለጥ አድርጎት ፍሙ ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል። ልጄ ተነስታለች። አላለቀሰችም፣ አልተደናበረችም። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ እንዳስተማርኳት ቀጥ ብላ፣ ፈገግ እያለች ወደ ምድጃው ትሄዳለች።

እንጨቱን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ቀሚሷን ከኋላ ያዝኩት።

«መብራቴ» አለች፣ ወደ ፍሙ እያመለከተች፤ ምነው ከለከልሽኝ የምትል ይመስል።

በጨለማ ምድጃው ውስጥ እንዳትገባ ስል በገዛ እጄ ወደ ምድጃው የሚወስድ መንገድ አሳይቻታለሁ። መብራቷን አወጣሁና አረንጓዴውን አበራሁላት፤ የኔ አይደለችም ብላ ወረወረቻት። ነጩ ሲበራ ፊቷን ሸፈነች። ብርቱካንማውን ሳበራ አቀፈቻት፤ ዓይኗ ግን አንዴ እጇ ላይ ወዳለው፣ አንዴ ምድጃው ላይ ወዳለው ይሄዳል። ሁለት መብራት አላት ማለት ነው። ለእናቴ ነገ ይዣት እመለሳለሁ፣ ሕክምናው ይቅር አልኳት። ተራዬን ስንት ጊዜ ጠብቄ እንዳገኘሁት ታውቃለች።

እናቴ ልጄን አየች፤ ከዚያ ቀሚሷን እንደያዘ የቀረውን የግራ እጄን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው።

የእናቴ እሳት ጠፍቶ አያውቅም። ጎጆ ስትወጣ ከአያቴ ምድጃ ጭራ ያመጣችው ነው ይባላል። ጠዋት ገል ይዞ እሳት ልጫር የሚል ሁሉ የሚመጣው እኛ ቤት ነበር፤ እናቴም እሳት የጠፋባትን ሴት ሳታበሽቅ አትሰጥም፤ ከባልሽ ጋር ስትሳሳቂ ነው አይደል የጠፋብሽ ትላለች። ክብሪት ቤቷ አለ፤ ለጧፍ ነው እንጂ በክረምት እርጥብ እንጨት ላይ ምን ያደርጋል።

በጣሳ ውሃ ቀድታ መጣችና ምድጃው ላይ አፈሰሰችው። ጮኸ። አመዱ እስከ ጣሪያው ተነሳ፣ ልጄ ደነገጠችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናቴ ደግማ ቀዳች፣ አፈሰሰች፣ በእንጨት ቆስቁሳ ቀይ ነገር አለመቅረቱን አየች። ከልጄ ደረት ላይ ካለችው በቀር ቤቱ ውስጥ ብርሃን አልቀረም።

«ሂጅ ታከሚ» አለችኝ። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ቀልቶ የሚያድር ያንች እንቁላል ብቻ ነው።»

እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእናቴ እጅ ዕድሜዋን ሙሉ እሳት ሲዳፍን የኖረ ነው፤ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ አንድ ምሽት ልማድ ቢያሸንፋትስ? ለብ ያለ አመድ እንኳ ያስፈራኝ ጀመር። ልጄ መብራቷን ታቅፋ ተኝታለች፤ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ የደጋው ብርድ ደግሞ እንደልቡ ይገባል።

ሲነጋ ልጄን ሳልቀሰቅስ ስሜያት ወጣሁ። ቁልቁለቱን ጀምሬ ዞር ስል እናቴ ገል ይዛ ወደ ጎረቤታችን በር ስትሄድ አየኋት። ጎረቤታችን የእናቴ ጓደኛ ናት፤ ለዓመታት ስትበሽቅ የኖረችው እሷ ናት። ገሉን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ምነው አንች፣ በዚህ ዕድሜሽ ከማን ጋር ስትሳሳቂ ጠፋብሽ?»

«ከልጅ ልጄ ጋር» አለች እናቴ። «ነገም እመጣለሁ። ከነገ ወዲያም እመጣለሁ። ፍምሽን አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ።»

ገሉን ዘረጋችላት። እኔም ወደ መኪናው መንገድ ወረድኩ።