በአንድ ካቴና

የወሰዱኝ ከምሠራበት ሆስፒታል በር ላይ ነው። ነጭ ጋዋኔን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። "ሽፍታ አክመሃል" አሉኝ። ቁስለኛ አክሜአለሁ፤ ማንነቱን ግን አልጠየቅሁም። ያስገቡኝ መተማ ዮሐንስ ዳር፣ ቀድሞ የሰሊጥ መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ሙቀቱ ከጣሪያው ወርዶ ትከሻ ላይ ይቀመጣል።

አጠገቤ የተኙት አንድ ሽማግሌ የሽንፋ ገበሬ ነበሩ፤ ልጃቸው ጫካ ገባ ተብሎ በእሱ ምትክ የታሰሩ። ከአንድ ሁለት ጉርሻ በላይ አይወርድላቸውም። "ጨጓራ ነው፤ የቆየብኝ ነው" ይሉኛል። አንድ ጠዋት ያስመለሳቸውን አየሁ፤ የቡና አተላ ይመስላል፤ የቆየ ደም ነው። በሩን ደበደብሁ።

የጠባቂዎቹ አለቃ "ሐኪሙ አንተ፤ ራስህ እያቸው" ብሎ ሁለታችንን በአንድ ካቴና አሳስሮ ከጠባቂ ጋር ወደዚያው ሆስፒታል ላከን።

አልትራሳውንድ ክፍል አስተኛኋቸውና ብዙ ውሃ አጠጣኋቸው፤ ጨጓራ ውሃ ሲሞላ ግድግዳው ጠርቶ ይታያል። ቀኝ እጄ ከግራ እጃቸው ጋር ስለታሰረ መመርመሪያውን በግራዬ ያዝሁ። የጤነኛ ሰው ጨጓራ በስክሪኑ ላይ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው፤ ነጭና ጥቁር መስመሩ ይለያል። እኔ ቁስለት ነበር የጠበቅሁት። የእሳቸው መስመር የለውም፤ ወፍራም ጥቁር ነገር ብቻ። ጥልቀቱን ተከተልሁት። የውጨኛውንም ልባስ አልፎ ጉበታቸው ላይ ተጣብቋል። መመርመሪያውን አንስቼ እንደገና አስቀመጥሁት። ያው ነው። ያን ጠዋት፣ ከማስመለሳቸው በፊት፣ ስለ ዝናብ ስንጫወት ነበር።

የካቴናው ሰንሰለት ይንቀጫቀጭ ጀመር። የሚንቀጠቀጠው የኔ እጅ ነበር።

"ምንድን ነው?" አለ ጠባቂው።

አፌን ስከፍት ሽማግሌው ካቴናውን ሳብ አደረጉት።

"መጀመሪያ ለኔ ንገረኝ። ሆዱ የኔ ነው።"

"አባቴ፣ ዘመድ ቢኖር..."

"ዘመድ እዚህ የለም። እጅህ ነግሮኛል፤ አፍህ ይድገመው።"

ነገርኋቸው። ካንሰር እንደሚመስለኝ፣ ስሙን የሚያረጋግጠው ናሙና እንደሆነ፣ ግን ጨጓራውን በስቶ ስላለፈ ቢላ እንደማይነቅለው። ጣሪያውን አዩ።

"ሳልዘራ ነው ያሰሩኝ" አሉ።

ከዚያ ከጠባቂው ጨርቅ ተቀብለው ሆዳቸው ላይ ያለውን ቅባት ራሳቸው ጠረጉ። ሸሚዛቸውን በአንድ እጅ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ልረዳቸው ስል እጄን መለሱት።

"በሉ እንሂድ" አሉን።

መዳከማቸውን ሲያዩ ለቀቋቸው። እኔም በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ። በቤታቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ከሽንፋ ከመጣ ሰው ነው።

በኛ አገር ክፉ ውጤት የሚነገረው ለዘመድ ነው። ዛሬም ዘመዶች ቀድመው ወደ ውጭ ይጠሩኛል። "ቆዩ" እልና በሽተኛውን ማወቅ ይፈልግ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ "ባትነግረኝ ይሻለኛል" ይላል። እሺ እላለሁ። ቢያንስ ይህን ያለው ራሱ በሽተኛው ነው።