የባለወፍጮዋ አውራ ጣት

በንጉሡ ጊዜ ዓለም ገና ላይ የአንድ ነጋዴ አሮጌ የጭነት መኪና እነዳ ነበር። ከተፍኪ ጤፍ ጭኜ አዲስ አበባ አራግፋለሁ። ሹፌር ከመሆኔ በፊት የዚያችው መኪና ጫኝና አውራጅ ነበርኩ፤ መሪ ከጨበጥኩ ወዲህ ግን ማን ይቻለኝ!

ታዲያ ሞተሯ ውኃ ማንጠባጠብ ጀመረ። "መካኒክ ምን ያደርግልናል? እኔው እፈታታታለሁ" አልኩት ነጋዴውን። ምነው አፌን በቆረጠው! "እሺ፤ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተነሳች ግን ለብረት ገዢ እሸጣታለሁ። አንተም ወደ ጆንያህ ትመለሳለህ" አለኝ።

የሞተሩን ክዳን አውርጄ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ቀየርኩ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ስነቅል፣ እንደነበረ እንድመልሰው በከሰል ምልክት አድርጌበት ነበር። እናቴ ግን ልጄን ላግዘው ብላ፣ ግቢያችን ውስጥ የደረደርኩትን ብረት ሁሉ በአመድና በላምባ ፈትጋ እንደ ሠርግ ብርጭቆ አብለጨለጨችው። "ይሄን ሁሉ እድፍ ይዘህ ልትገጥመው ነበር?" አለችኝ። እናት ናት። ምልክቴ ከእድፉ ጋር ሄደ።

በግምት ገጠምኩት። አንደኛው ፒስተን ሽቅብ ወጥቶ ሲቆም ጠብቄ፣ ልክ ነው ብዬ አጠበቅሁ። ሞተሩን በእጅ የምናስነሳበትን ማኖቬላ ስጠመዝዝ ካርቡራተሩ እሳት ተፋ፤ ብረቱም ወደ ኋላ ተመልሶ ክንዴን ደቆሰኝ። ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ግራ አልኩት፣ ጧ! ወደ ቀኝ አልኩት፣ ጧ! ዓርብ ከሰዓት ሆነ። መፍቻውን ወረወርኩ፤ የመኪናዋን ሰባት ትውልድ ሰደብኩ። ጆንያው ጀርባዬ ላይ ታወቀኝ።

"ተው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ! ብረት ስድብ አይሰማም።"

ዞር ስል ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ባለቤት ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ። ፍንዳታው አስደንግጧቸው ዱቄታቸውን ሳያራግፉ መጥተዋል።

"እማማ፣ ይሄ ወፍጮ አይደለም" አልኳቸው። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

የአንደኛውን ካንዴላ ፈትተው ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ደፈኑና "አዙር። ሱታ፣ ቀስ!" አሉኝ። አዞርኩ፤ ፒስተኑ ወጣ። "ይቺ አይደለችም" አሉ። ደግሜ አዞርኩ። አሁን ሲወጣ አየሩ ጣታቸውን ፕስስ አድርጎ ገፋው።

"ይቺ ናት! ፒስተን ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ አንዴ ጭስ ሊያባርር፣ አንዴ አየር ሊጨምቅ። እሳት የሚፈልገው ሲጨምቅ ነው። አንተ በጭሱ ገጥመኸዋል።"

ዲስትሪቢዩተሩን ነቅለው ግማሽ ዙር አዙረው መለሱት። ከሲጋራዬ ፓኮ ስስ ወረቀት ቀድደው፣ ውስጡ ያሉት፣ ሲላቀቁ እሳት የሚያስነሱት ሁለት ትንንሽ ብረቶች መሃል አስገቡ። ወረቀቱን በአንድ እጃቸው ሳብ አድርገው ይዘው፣ በሌላው ዲስትሪቢዩተሩን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራሉ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ድንገት ወረቀቱ ሹልክ አለ።

"እሳቱ እዚህ ነው። አጥብቅ።"

ካንዴላውን መልሼ ማኖቬላውን አንዴ ብቻ አዞርኩ። ተነሳች! ያውም እንዲያ ዝግ ብላ፣ ሳትንገዳገድ። ጉድ ነው! እሳቱን እኔም አላየሁት፣ እሳቸውም አላዩት፤ የሚጫርበት ሰዓት ግን በጣታቸው ተዳሶ ተገኘ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ይሄኔ ነጋዴው ድምፁን ሰምቶ ገባ። "ማነው ያስነሳት?" አለ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት "እሱ ነዋ! ጎበዝ ልጅ ነው ያለህ" አሉት።

ነጋዴው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "በል፣ ነገ ተፍኪ ትሄዳለህ" አለኝ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልኩ። እንጀራዬ ነበረች።

እሱ እንደሄደ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተከትያቸው ሄድኩ። "እማማ፣ ምነው እንዲህ አሉ? ሥራው የአንቱ አይደል እንዴ?"

"ሴት የምትጠግነው ወፍጮ ጋ እህሉን የሚያመጣ ማን አለ ብለህ ነው? ባሌ ከሞተ ጀምሮ፣ ሞተሩን የሚጠግንልኝ ወንድሜ ነው፣ ከሰበታ እየመጣ፣ እላቸዋለሁ ደንበኞቼን።"

"እና ይሄንን ያስተማሩዎት ወንድምዎ ናቸው?"

የወፍጮውን ቀበቶ እየነካኩ ሳቅ አሉ።

"ወንድም የለኝም፣ ኢልማ ኮ።"