የሟቹ ፎቶ ላይ የኔ ስም

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ አንድ ለቅሶ ቤት ገብቼ ገና ከመቀመጤ... ሻማ በርቶለት ጠረጴዛ ላይ የቆመው የሟቹ ፎቶ ላይ የራሴን ስም አነበብኩ። «ሳምሶን» ይላል። ነጭ፣ ትልቅ፣ ደረታቸው ላይ ከትከሻ እስከ ትከሻ።

የማን ለቅሶ እንደሆነ እንኳ በደንብ አላውቅም ነበር። ጓደኛዬ መስፍን ነው «የሀገር ሰው አርፏል፣ ደረስ ብለን እንምጣ» ብሎ ከካሳራኒ በማታቱ ታክሲ ይዞኝ የመጣው። ሟቹ አቶ ግርማ ይባላሉ፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበሩ።

ፎቶውን ግን አወቅኩት። ያነሳሁት እኔው ነኝ። አምና ላቪንግተን አንድ ሰርግ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ከልባቸው ሲስቁ አየሁና ካሜራዬን አዞርኩ። ስማቸውን አልጠየቅኩም። ከሌሎቹ ፎቶዎች ጋር ብሎጌ ላይ ለጠፍኩት፣ ከዚያ ረሳሁት።

ስሜ ለምን እንደዚያ መሀል ላይ እንደተጋደመ ልንገራችሁ።

የምኖረው ሰርግ እያነሳሁ ነው። ድሮ ፎቶ ብሎጌ ላይ ሳወጣ ታች ጥጉ ላይ ስሜን በትንሹ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ታውን፣ መሀል ከተማው ውስጥ ስሄድ ያነሳኋት ሙሽራ የአንድ የሀበሻ ፀጉር ቤት መስኮት ላይ ተለጥፋ አገኘኋት። ስሜ ያለበት ጥግ ተቆርጧል። ገብቼ የፀጉር ቤቱን ባለቤት ስጠይቃት ረጋ ብላ «ከኢንተርኔት ነው እኮ ያወረድነው» አለችኝ... ልክ ከሰማይ የወረደ የዝናብ ውሃ የቀዳች ይመስል።

ለመስፍን ነገርኩት። መስፍን ኮምፒውተር ጥገና ነው የሚሠራው፤ ፎቶሾፕም ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ጥግ ላይ ከጻፍክማ ይቆርጡታል» አለኝ። «መሀሉ ላይ ዋተርማርክ አድርግበት፣ ማን ይነካዋል?»

ዋተርማርክ ማለት ስምህን ፎቶው ላይ እንደ ማህተም ማሳረፍ ነው። ፎቶውን አበላሸዋለሁ ወይስ አስሰርቀዋለሁ እያልኩ ሳመነታ ሰነበትኩ... መጨረሻ ላይ ንዴቴ አሸነፈ። ብሎጌ ላይ ያሉትን ሁሉ አውርጄ፣ ስሜን መሀላቸው ላይ አጋድሜ፣ መልሼ ጫንኳቸው።

እና እሁድ ለት፣ ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ፎቶውን እያዩ ሲያወሩ እሰማለሁ።

«ግርማ የቤት ስማቸው ነው እንዴ?»

«መሰለኝ... የመዝገብ ስማቸው ሳምሶን ነው ማለት ነው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ሳውቃቸው አልሰማሁም።»

«ነፍስ ይማር፣ ጋሽ ሳምሶን።»

መስፍን በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። በቁሜ ነፍስ ይማር ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

ድንጋጤው ሲያልፍልኝ ግን አንድ ጥያቄ ገባብኝ። ሰው ለገዛ አባቱ ለቅሶ እንዴት የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ፎቶ ያወጣል? ሌላ አጥተው ነው?

ስንወጣ የሟቹን ልጅ ደጅ ላይ አገኘናት። ሄለን ትባላለች፤ እዚሁ ናይሮቢ ነው ያደገችው። እግዚአብሔር ያጽናሽ ካልኳት በኋላ ስሜን ነገርኳት።

«ሳምሶን... ፎቶው ላይ ያለው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ፈልጌህ ነበር እኮ፣ ሲሪየስሊ። አባዬ ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ያለን የፓስፖርቱ ፎቶ ብቻ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ የተቆጣ ይመስላል። ይሄንን የአክስቴ ልጅ ኦንላይን አግኝታ ላከችልኝ። ሶ፣ ስሙ የሌለበትን ልጠይቅህ ብዬ ብሎግህን ሁሉ አየሁት። ስልክ የለም፣ ኢሜይል የለም። ኮሜንት ጻፍኩልህ፣ አልመለስክም።»

ሳይበር፣ ኢንተርኔት ቤት የምገባው አልፎ አልፎ ነው። አላየሁትም።

«ናይሮቢ ውስጥ ሳምሶን ብዬ ማንን ልጠይቅ?» አለች። «ሀበሻውም ሳምሶን፣ ኬንያዊውም ሳምሶን።»

አልተቆጣችም። የምር ግራ ገብቷት ነው የምታወራው።

«ስምህን ያን ያህል ትልቅ አድርገህ ስትጽፈው... እንድትገኝ የፈለግክ ነበር የመሰለኝ።»

«ነገ ንጹሁን አመጣልሻለሁ» አልኳት።

ደግነቱ ዋናው ፎቶ ሲዲ ላይ ነበር። ሰኞ ጠዋት ታውን አሳትሜው፣ ፍሬም አስገብቼ ይዤ ሄድኩ።

የአቶ ግርማ ባለቤት እትዬ አስካለ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። የባላቸውን ፊት የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ጣታቸው ግን ቀስ ብሎ ፎቶው ላይ ወዳለው ትከሻ ሄደ። እዚያ፣ ከፎቶው ዳር ገብታ አቶ ግርማ ትከሻ ላይ ያረፈች አንዲት የሴት እጅ አለች። ሳነሳው ልብ አላልኳትም፤ ከዚያ ደግሞ ፊደሎቼ ሸፍነዋት ኖሯል።

«ይቺ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ አስካለ። «አጠገቡ ነበርኩ። እንዲህ ያሳቅኩትም እኔ ነኝ።»

«ምን ብለዋቸው ነው?» አልኩ፣ ሳላስበው አምልጦኝ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«እሱማ በኔና በሱ መሀል ነው፣ ልጄ።»

ሄለን ማንም ሳያዛት የቆመውን ፎቶ አንስታ አዲሱን በቦታው አኖረችው። ሻማውን ትንሽ ገፋ አደረገችለት።

ሰሞኑን ሳይበር እየገባሁ ፎቶዎቼን አንድ በአንድ እያስተካከልኩ ነው። ስሜን ወደ ጥግ መልሼዋለሁ፤ ከስሩ ኢሜይሌን ጨምሬበታለሁ። መስፍን ተስፋ ቆርጦብኛል። የሚሰርቅ ይሰርቅ ይሆናል፣ አላውቅም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው... እትዬ አስካለ ያን ቀን ምን ብለዋቸው ይሆን?