የላላው ዳዶ

ጸሃይቱ ፕሊማውዝ ከተማ ባለ አንድ ፋብሪካ የአውቶቡስ ወንበር ጨርቅ ስታለብስ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ ጡረታ ስትወጣ፣ ልጇ ሩሐማ ‘አሁን እንኳ ታርፋለች’ ብላ ነበር። እሷ ግን ወር ሳይሞላት ፊሊፕስ ሰፈር ካለው ቤታቸው ጀርባ ያለውን ጋራዥ ጠረገች፤ መኪናዋን መንገድ ላይ አሳደረች፤ በቦታው የስፌት መኪና፣ ሰፊ ጠረጴዛና አንድ ያገለገለ የአየር ኮምፕረሰር አስገባች። ያረጀ ሶፋና የተቀደደ የምግብ ቤት ወንበር እየተቀበለች አዲስ ጨርቅ ታለብስ ጀመር። ጨርቁን እንጨቱ ላይ የሚመታው ስቴፕለር የሚሠራው በአየር ነው። ኮምፕረሰሩ ታንኩን በአየር ካልሞላላት ሥራ የለም።

ባሏ ኤዶሳ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ቀኝ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ እሱም ቤት ውሏል። እሷ የአስመራ፣ እሱ የነቀምት ልጅ ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ቋንቋ አማርኛ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአማርኛ ተዋደዋል፣ በአማርኛም ተጣልተዋል።

ችግሩ የጀመረው ኖቬምበር ላይ ነው። አንድ ጠዋት ኮምፕረሰሩን አስነሳችው። ሞተሩ ይጮሃል፣ የአየር ግፊት መለኪያው ቀስት ግን ከግማሽ አያልፍም። ዞር ዞር ብላ ስታይ፣ ታንኩ ሥር ያለችው የውሃ ማፍሰሻ በትንሹ ተከፍታ አየር ታስወጣለች። ‘ረስቼው ነው’ ብላ ዘጋችው። በሳምንቱ ደግሞ ከአንዱ መጋጠሚያ አየር ያመልጥ ጀመር። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጣ በብሩሽ ቀባችው፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ የሚያፈስበት ቦታ ነው። ስትፈታው አየር እንዳያመልጥ ጥርሱ ላይ መጠምጠም የነበረበት ነጭ ቴፕ የለም። ‘የሸጠልኝ ሰው ጥፋት ነው’ አለች፤ አዲስ ጠምጥማ አሰረችው። ይሄ ሲድን ያኛው ይብሳል። አንዴ ማሽኑ ታንኩ ሳይሞላ ይጠፋል፣ አንዴ የመብራቱን ብሬከር ይጥላል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ኤዶሳ ከአጠገቧ አልጠፋም። ስትጠራው ጉልበቱን እየጎተተ ይመጣል፣ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል፣ እሷ ተንበርክካ ስትፈልግ ባትሪ ያበራላታል።

“ምን ታደርጊዋለሽ፣ አርጅቷል” ይላታል። “አንቺም ደክሞሻል። ይብቃሽ፣ ጸሃይዬ።”

ጃንዋሪ ላይ ትልቅ ሥራ መጣ። ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ምግብ ቤት ልትከፍት የነበረች ጊፍቲ የምትባል ወጣት ሴት የአሥራ አራት ወንበሮች ልብስ አዘዘቻት። ጸሃይቱ ጨርቁን ቆርጣ፣ ሰፍታ ጨረሰች። የቀረው በስቴፕለር መምታቱ ብቻ ነበር፤ ኮምፕረሰሩ ግን ሦስት ወንበር ሠርቶ ያቆማል። የማስረከቢያው ቀን አንዴ ተላለፈ፤ ሁለተኛም ተላለፈ። ከዚያ ጊፍቲ ደወለች።

“እትዬ ጸሃይቱ፣ አልተቀየምኩም። ግን እንግዳ ቆሞ አይበላም። ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው።”

ጸሃይቱ ስልኩን ዘግታ፣ ገና ልብስ ያልለበሰ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ኤዶሳ ሻይ አፍልቶ አመጣላት፤ እስክትጨርሰው ድረስ ትከሻዋን ይዞ ቆየ።

በማግስቱ፣ ፋብሪካ ሳለች ነጋሲ የሚባል መካኒክ ያሳያት ነገር ትዝ አላት። ነጋሲ የቧንቧ መጋጠሚያ ዳዶ በመፍቻ ካጠበቀ በኋላ ከዳዶው እስከ ቧንቧው አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ያሰምር ነበር። ዳዶው ትንሽ ከዞረ መስመሩ ይለያያል፤ በንዝረት የሚላላው የትኛው እንደሆነ በዓይን ይታወቃል። ጸሃይቱም የኮምፕረሰሩን ሰባቱንም መጋጠሚያ አጥብቃ በቀይ የጥፍር ቀለም አሰመረችባቸው። ለኤዶሳ አልነገረችውም። ልትደብቀው ፈልጋ አይደለም፤ ያኔ ተኝቶ ነበር።

ሁለት ቀን ማሽኑ እንከን አልነበረውም። ረቡዕ ጠዋት የጥርስ ቀጠሮ ነበራትና ሄደች። እሷ ስትወጣ ስስ በረዶ ጥሎ አባርቶ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሳ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ በኩል ገብታ የጋራዡን በር ከፈተች። ማብሪያው ላይ እጇን ዘረጋች፤ ግን ከዚያ በፊት መስመሮቹን ልያቸው ብላ ጎንበስ አለች።

ሦስቱ ተለያይተዋል። በንዝረት የላላ ዳዶ ጥቂት ነው የሚዞረው፤ እነዚህ ግማሽ ዙር ዞረዋል። አንደኛው ላይ ቀለሙን የመፍቻ ጥርስ ፍቆታል። ደግሞም ማሽኑ ከትናንት ወዲህ አልተነሳም። ዘይቱ የሚታይባትን ትንሽ ክብ መስታወት አየች፤ ባዶ ናት። ብታስነሳው ኖሮ ፓምፑ ያለ ዘይት ተፋጭቶ ያበቃለት ነበር።

የጋራዡ ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ጋ ብቻ ነው። በጋራዡ የጎን በር ወጣች። ከወጥ ቤቱ በር እስከ ጋራዡ፣ በአዲሱ በረዶ ላይ፣ አንድ ሰው ሄዶ ተመልሷል። የቀኝ እግሩ ዱካ የተጎተተ ነው።

ቆማ አየችው። ብርዱ በጓንቷ እስኪገባ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

ኤዶሳ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈ ነበር።

“ዘይቱን የት ደፋኸው?” አለችው።

‘የምን ዘይት?’ ቢላት ኖሮ ምናልባት ራሷን ትጠራጠር ነበር። እሱ ግን ቢላዋውን አስቀመጠ።

“አልደፋሁትም። ምድር ቤት ነው፣ በቆርቆሮ።”

“ለምን ኤዶሳ?”

እጁን በፎጣ ጠረገ። “ጠዋት ወደ ጋራዡ ትወጫለሽ፣ ሲመሽ ትገቢያለሽ። እኔ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ። ሲበላሽ ግን ትጠሪኛለሽ። አብረን እንሆናለን።”

“ልምጣና ልርዳሽ ማለት አቃተህ?”

“አፈርኩ።”

“እኔ ተንበርክኬ ስፈልግ፣ የት እንደሆነ እያወቅህ ነው ያበራህልኝ?”

ኤዶሳ ዓይኑን ወደ ሽንኩርቱ መለሰ።

“ጊፍቲ የደወለች ቀን ሻይ አፍልተህልኛል” አለች። “ጠጥቼልሃለሁ።”

ቅዳሜ ሩሐማ መጣች። አባቷ ብቸኝነት ጎድቶት እንደሆነ፣ ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። ጸሃይቱ በአማርኛ መለሰችላት፦ “ብቸኝነቱ ይገባኛል። እያወቀ ባትሪውን መያዙን ነው መቀበል ያልቻልኩት።”

በዚያው ሳምንት ቶኩማ የሚባል አናጺ ከሱቁ ጀርባ አንድ ጥግ ለቀቀላት። ጠረጴዛዋን፣ የስፌት መኪናዋንና ኮምፕረሰሩን በእሱ ፒካፕ አስጫነች። ኤዶሳ ከመስኮት ያይ ነበር፤ ላግዝ ብሎ አልወጣም፤ እሷም አልጠራችውም። እዚያ ዘይት ሞላችበት፣ ዳዶዎቹን አጠበቀች፣ አስነሳችው። ታንኩ ሞልቶ ሞተሩ በራሱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተበላሸም። ይህ ደግሞ ደስ ሊያሰኛት ሲገባ አንገበገባት፤ ማሽኑ ያን ሁሉ ወር ጤነኛ ነበር ማለት ነው።

ማርች ላይ ኤዶሳ በአውቶቡስ ምሳ ይዞላት ወደ ሱቁ መጣ። በሩ ላይ ተቀበለችው፤ አመሰገነችው፤ ግባ ግን አላለችውም።

“ማሽኑ እንዴት ነው?” አላት።

“ደህና ነው።”

ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች። ከሰዓት በኋላ ስትወጣ አሁንም ፌርማታው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስንት አውቶቡስ እንዳሳለፈ አልጠየቀችውም። መኪናዋን አቆመችለት። ጉልበቱን በእጁ ደግፎ ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ። ወደ ቤታቸው ነዳች።